ክሪሳንቶ ከአልሙኒየም የቆረጠው

ማሽኗ የተሠራችው ለእንጨት ነበር። ልጁ ሊዝል በሕይወት ሳለች፣ ክሪሳንቶ በር ላይ የሚሰቀል ስምና የፎቶ ፍሬም ይቀርጽባት ነበር፤ ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ ይሥላል፣ ማሽኗ ራሷ እየተመላለሰች ትቆርጣለች። ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ግን የቀረውን እንጨት ለጎረቤት ማገዶ ሰጠና አልሙኒየም መቁረጥ ጀመረ።

አልሙኒየም እንዲህ ላለች ትንሽ ማሽን አይመችም። ሲግል እንደ ማስቲካ መቁረጫ ጥርሷ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርሷም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ክሪሳንቶ አልኮል እየረጨ፣ ፍቅፋቂውን በብሩሽ እየጠረገ፣ ስስ ስስ አድርጎ እያስላጠ ጓሮ ቆሞ ይውላል። ጩኸቱ የሚታረድ አሳማ ይመስላል። ሚስቱ ኔኒታ የሚያብረቀርቀውን ፍቅፋቂ ከጸጉሩ፣ ከትራሱ፣ አንዳንዴም ከሩዙ ትለቅማለች።

"ምንድን ነው የምትሠራው?" ስትለው፣

"ይለቅ፣ ያኔ ታዪዋለሽ" ይላታል።

ሌላ አገር ቢሆን ባላስጨነቃት። በድብቅ ሽጉጥ ሥራ በታወቀችው ከተማቸው በዳናዎ ግን ጓሮው ተደብቆ ብረት የሚቆርጥ ሰው ምን እንደሚሠራ ሕፃንም ያውቃል። የክሪሳንቶ አባት ሽጉጥ ሠሪ ነበሩ፤ ወህኒ ቤት ሞቱ። ልጃቸው አስከሬናቸው ፊት ቆሞ፣ "ይህ እጄ መሣሪያ አይነካም" ብሎ ምሏል። ያ ግን ሊዝል ሳትሞት ነው።

ሊዝልን የገደላት የሹፌሩ የቴርዮ የጭነት መኪና ነው። ፍሬን እምቢ ብሎት ገበያ መሐል ገባ፤ ልጅቷን ከግድግዳ ጋር አጣበቃት፤ የራሱም አንድ እጅ ተጨፍልቆ ተቆረጠ። ዳኛው ጥፋቱ የፍሬኑ ነው ብለው ለቀቁት። ያን ዕለት ኔኒታ ደረቷን እየደቃች፣ "እዚህ ቤት የዚያን ሰውዬ ስም የሚጠራ ምላሱ ይቆረጥ!" አለች። ክሪሳንቶ አልሙኒየሙን ገዝቶ የመጣው በማግስቱ ነው።

አንድ ጠዋት ዓሣ ጠባሿ ጎረቤታቸው ሎሊንግ አጥር ላይ ተደግፋ ጠራቻት።

"አንቺ፣ ባልሽ ምን ሆኗል? ትናንት ስለዚያ ስሙ ስለማይጠራው ሰውዬ ሲያደርቀኝ ዋለ።"

"ምን ብሎ?"

"አሁን የሚኖረው የት ነው፣ ቤት የሚገኘውስ መቼ መቼ ነው፣ ደግሞ የተረፈችው እጁ ቀኙ ናት ግራው? አለኝ። እኔ እንደሆንኩ አፌ አያርፍ፣ ቀኙ ናት አልኩታ!"

ኔኒታ ሳትሰናበታት ወደ ቤት ገባች።

ባሏ ገላውን ሲታጠብ ጠብቃ ጓሮ ገባችና ሥራውን የሸፈነበትን ጨርቅ ገለጠች። በመዳፍ ልክ የተቀረጸ ጎባጣ ነገር አለ። በፒን የተያያዙ አጫጭር ቱቦዎች አሉ። አንዱ ቁራጭ እንደ ቃታ ታጥፏል። የሽጉጥ ሠሪ ምራት ናት፤ ሌላ ምን ትበል? መቁረጫ ጥርሶቹን በሙሉ በቀሚሷ አፍሳ ባሕር ጨመረቻቸው።

"ኔኒ፣ ጥርሶቹን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?" አላት ሲመጣ።

"እኔ ነኝ። በሊዝል አጥንት፣ ተወው!"

"በሷ አትለምኚኝ። ይሄን ነገር ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወጥቶ ሌላ ጥርስ ይዞ መጣ፤ ጩኸቱም ቀጠለ።

ለፖሊስ ብትናገር አባቱ የሞቱበት ወህኒ ይገባል። ዝም ብትል ደግሞ የሰው ደም በእጁ ይዞ ይገባል። ልጇን ቀብራለች፤ ባሏን በቁሙ ልትቀብር ነው። መላው ሲጠፋባት፣ በሕልሟም አየዋለሁ ብላ ወደማታስበው ሰው ደጅ ሄደች።

ቴርዮ ከሳሎኑ ወጥቶ ሲያያት ግድግዳውን ያዘ።

"ይቅርታ ልልሽ ስንቴ..."

"ይቅርታህን ተወው። ባሌ ሊገድልህ ነው። መሣሪያ እየሠራ ነው፤ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ከዚህ አገር ጥፋ!"

"የት ልጥፋ፣ እህቴ? እናቴ ከአልጋ አትነሳም። በዚህች በአንድ እጄ ተሸክሜያት የት እደርሳለሁ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ነግሬሃለሁ" ብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማሽኗ ቀጥ አለች። ክሪሳንቶ ጺሙን ተላጨ፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለበሰ፣ የሠራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

"የት ልትሄድ ነው?"

"ስመለስ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ብቻ እንዳትቀየሚኝ።"

"አትሄድም! ገለኸኝ ትሄዳለህ!" ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው። እሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ አድርጎ አላቀቃቸው፤ ግንባሯን ሳማትና ሞተር ብስክሌቱን አስነሳ።

ባዶ እግሯን ሮጠች። መንገድ ላይ ባለ ሦስት እግር ታክሲ አስቆመች። "ንዳው! ንዳው በፈጠረህ!" እያለች የሹፌሩን ትከሻ ትደበድባለች። የቴርዮ ቤት ጥግ ሲደርሱ ተኩስ ሰማች። አንዴ ብቻ።

ዘገየሁ አለች በልቧ። ገደለው።

አጥሩን ገፍታ ስትገባ ግን ቴርዮ በረንዳው ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ሽጉጥ ይዟል። ክሪሳንቶ ደረጃው ሥር በደረቱ ተደፍቷል፤ ነጩ ሸሚዝ ቀልቷል።

"ጨርቁን ሊፈታ እጁን ሲሰድ..." አለ ቴርዮ። "ቁም አልኩት እኮ! 'አትፍራ፣ ላሳይህ' እያለ መጣብኝ። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፣ እህቴ... አንቺው ነሽ..."

ኔኒታ ተንበርክካ ባሏን ገለበጠችው። ዓይኑ ተከፍቷል፣ አያይም። ጨርቁን ከሥሩ ሳበችው።

ውስጡ አምስቱም ጣቶቹ የሚታጠፉ፣ ከክንድ ላይ የሚታሰርበት ጠፍር የተበጀለት፣ እንደ መስታወት የተወለወለ የአልሙኒየም ግራ እጅ ነበር።