የእማሆይ ፆም

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት እያለች ሳቋ ከዶርሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ እህል አልወርድ አላት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ዕንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። የዶርሙ ልጆች "ለምሳ ካፌ አትሄጂም ወይ?" ብለው ሲያስጨንቋት አንድ ቀን "ፆም ይዣለሁ" ብላ አመለጠች።

ከዚያ ወዲያ ስሟ "እማሆይ" ሆነ። የዶርሙ ልጆች ፈተና በደረሰ ቁጥር "በጸሎትሽ አስቢን" እያሉ ትከሻዋን ይስማሉ። ጸሎት ከተወች ግን ከርማለች። በሳሟት ቁጥር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ትላለች።

ትናንት ትርሲት የምትባለው አዲስ ገቢ ፍሬሽ፣ ዳቦዋን እንደያዘች የእማሆይ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና "እኔንም አስቢኝ" አለቻት። እማሆይ ከዚህ በላይ መሸከም አቃታት።

"የምን ጸሎት! ፆመኛም አይደለሁም። መኖር አስጠልቶኝ ነው የምተኛው። ፆም ነው ያልኩት ለሰው መንገር አፍሬ ነው።"



"አቤት ትህትና!" አለች ከዶርሙ ልጆች አንዷ ቀስ ብላ። "ዓለምን መናቅ እንዲህ ነው።"

ትርሲት ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። ከዚያ የጀመረችውን ዳቦ በፌስታል ጠቀለለችው።

"በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንዳንቺ ነኝ" አለቻት።