በር የሌለው ክፍል

ልጅቷ ከመምህራን ማሠልጠኛው ስትመለስ የተከራየችው ክፍል በር በቦታው አልነበረም። ከነማጠፊያው ተነቅሎ የአከራይዋን ግድግዳ ተደግፏል። በማግስቱ ተቆጣጣሪዎች ፊት ቆማ የምታስተምርበት የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር። ክፍሉን ለቅቃ ጉቴ ከተማ ወዳሉት ወላጆቿ ብትሄድ ፈተናው ያልፋታል፤ ነቀምቴ ውስጥ ደግሞ በአንድ ምሽት ሌላ ክፍል አይገኝም።

«በሚካኤል ዕለት በግቢዬ ልብስ አጠብሽ» አለች አከራይዋ ከደጃፏ ሳትነሣ። «እናንተ የሚስዮን ልጆች በዓል አታውቁም። ልቀቂልኝ።»

«እትዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እኮ ተከራይቼዋለሁ።»

«ክፍሉን እንጂ በሩን መቼ አከራየሁሽ?»

የልጅቷ ፊት ጋለ። አንሶላዋን ከአልጋው ላይ ገፈፈችና ሁለት ምስማር በድንጋይ መትታ በመቃኑ ላይ ወጠረችው። ከዚያ ውስጥ ገብታ ለነገ የምታስተምረውን መጻፍ ጀመረች። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዘችው።

ብዙም ሳይቆይ አከራይዋ አንሶላውን ገልጣ አንገቷን አስገባች። «ዕቃሽን አልሸከፍሽም እንዴ?»

«ያንኳኩ እንጂ፣ እትዬ።»

«ምኑን ነው የማንኳኳው?»

«የወሰዱትን።»

ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ «ዱጋ ኬቲ! እውነትሽን ነው» ብላ ሳቀች። አከራይዋ አንሶላውን ለቀቀችው። አንገቷንም መልሳ አወጣች። ከዚያ፣ በሰው ደጅ እንደቆመ እንግዳ ጉሮሮዋን ጠረገችና ቀስ ብላ፣ «ቤቶች» አለች።

ልጅቷ የጀመረችውን መስመር እስክትጨርስ ድረስ አልመለሰችላትም።