ተጠሪ

የፋርማሲ ዶክትሬት ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ነው። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሳይሞላ አልቀበልም» ብላ ቅጹን ለአመልካቿ ለትርሲት መለሰችላት።

ትርሲት ስልኳን ከላይ እስከ ታች በረበረች፤ ያለው ሁሉ መድኃኒት አከፋፋይና ደንበኛ ነው። በመጨረሻ፣ ወደምትሠራበት ፋርማሲ ኢንሱሊን በገባ ቁጥር የምትደውልላቸውን ሽማግሌ ቁጥር ጻፈች። ዝምድና በሚለው ላይ «አባት» ብላ ሞላች።

ሠራተኛዋ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጋ እዚያው ደወለች።

«አባባ፣ ትርሲት አበጋዝ የምትባል ያውቃሉ?»

«ትርሲት ደግሞ ማናት?»

አመልካቿ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ አባባ፤ ከፋርማሲው።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጄ ናታ! ከሷ ሌላ ማን ይደውልልኛል? ምነው፣ ምን ሆነችብኝ?»