የአባያ አዞ

አቶ በርናባስ ሲቀላ ሰፈር የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነበሩ። ታናሿ ልጃቸው ኖላዊት ከመዘምራኑ አንዷ ናት፤ ሲመሽ የእናቷን ስልክ ይዛ ክፍሏ ትገባለች፤ ማዳመጫ ሰክታ መዝሙር ታጠናለች። ቤቱን ያስጨነቀው ታላቅየው ሲላስ ነው።

ሲላስ ኦንላይን ጌም ይዞት ክፍል ደገመ። ምግብ ሲቀርብ አይመጣም፤ ቢመጣም አይናገርም። አባቱ ገረፉት፤ ጾም ጸሎት ተያዘለት። በመጨረሻ ስልኩን ሲቀሙት ግድግዳ በቡጢ መትቶ እጁን አደማ።

«ተወው፣ ልጁ ይሰበርብናል» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰናይት።

«ይሰበር! የተሰበረ ይጠገናል።»

አቶ በርናባስ እሾህን በእሾህ ለማውጣት ቆረጡ። በቀሙት ስልክ ላይ ልጁ የሚጫወትበትን ስም አይተዋል፤ «የአባያ አዞ» ይላል። ጌሙን በራሳቸው ስልክ ጫኑና «ነጎድጓድ» ብለው ገቡ። መጀመሪያ ሊወዳጁት፣ ቀጥሎ ጌሙን እንደ ሬት ሊያስመርሩት።

ሲላስ ማታ «ጓደኛዬ ጋ ላጥና» ብሎ ሲወጣ አዞው ብቅ ይላል። ስልክ ተውሶ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል!

መወዳጀቱ አልከበዳቸውም። አብረው ተጫወቱ፤ ተጻጻፉ።

«ቤት ውስጥ የሚያየኝ የለም» አለ አዞው አንድ ቀን። «አባቴ መኖሬንም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

የአቶ በርናባስ ደም ፈላ። ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለማን ሆነና!

በዚያው ጀመሩት። በቡድኑ ፊት ፈሪ፣ ደንቆሮ አሉት። አምኖ የነገራቸውን ሁሉ አውጥተው ዘረገፉት። ሌሎቹ ተጫዋቾች እየተቀባበሉ ሳቁበት።

«ምን አደረግኩህ?»

«መፈጠርህ።»

«ከአንተ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም።»

«እኔም የለሁም። ብትጠፋ የሚፈልግህ ያለ መስሎህ ነው?»

ይህን ጽፈው ከቡድኑ አስወጡት። አዞው ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሲላስ ሳይጠራ መጥቶ ተቀመጠ። ከተጠበሰው ዓሣ ቆረሰና አባቱን አጎረሰ። አቶ በርናባስም መልሰው አጎረሱት።

ወይዘሮ ሰናይት ከጓዳ በኩል በር ያንኳኳሉ። «ኖሊ! ምሳ ቀረበ እኮ። ምነው ቆለፍሽ? ኖሊ!»

«ተያት፣ ደክሟት ይሆናል» አሉ አቶ በርናባስ፣ ዓይናቸውን ከወንድ ልጃቸው ላይ ሳያነሱ። «ጌሙን ተውከው አይደል፣ ልጄ?»

ሲላስ ፈገግ አለ።

«እኔማ ስልኬን ከቀማኸኝ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፣ አባዬ። አካውንቱን ለኖሊ ሰጥቻታለሁ።»