ሦስተኛው ሳጥን

«ለወረዳችን ነዋሪዎች በሙሉ፦ የልደት ምዝገባ ክፍሉ ሦስተኛ ወንበር፣ የተሰበረው እግሩ በታላቅ ርብርብ ተጠግኖ፣ ዛሬ ለአገልግሎት መብቃቱን በደስታ እናበስራለን!»

ድምፅ ማጉያው ይህን ሲያውጅ አጥናፉ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። በተጠገነው ወንበር ላይ ሴት ልጁ እግሮቿን ታወዛውዛለች። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስም የላትም። በሕጉ ልጅ የሚሰየመው በተወለደበት ቀን በተገኘ የሰማይ አካል ነው፤ ያውም ፕላኔት ወይም ኮከብ ተብሎ ሲመዘገብ። የእሷን የሰማይ አካል፣ በሚዞረው ኮከብ ፊት ሲያልፍ አይቶ ያገኘውና በኮከቡ መወዛወዝ የመዘነው ራሱ የሥነ ፈለክ ባለሙያው አጥናፉ ነው። ክብደቱ ሠላሳ ጁፒተር ያህላል፤ ለፕላኔት በዛ፣ ለኮከብ አነሰ። ቅጹ ላይ ደግሞ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው። ቤት ውስጥ «ሚሚ» ይሏታል፤ የልደት ኬኳ ላይም በየዓመቱ የሚጻፈው «እንኳን ተወለድሽ» ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሠላሳውን አሥር በለውና ፕላኔት ይሁን! ማን ሄዶ ይመዝነዋል?» አሉ መዝጋቢዋ እትዬ ዘርትሁን፣ ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው።

«አባዬ፣ ስሜ ደረሰ?» አለች ልጅቷ።

አጥናፉ እስክሪብቶውን አነሳ። ከሁለቱ ሳጥኖች መሀል ሦስተኛ ሳጥን ሣለና ምልክት አደረገበት።

«ውይ በሞትኩት! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አላስረዳም። ማኅተሙን ይምቱበት።»