አንድ ምንጣፍ ይበቃኛል

«‹ጸባዬ ቀላል ነው፤ ማንንም አላስቸግርም› ይላል» አለች ፋና ስልኳ ላይ እያነበበች።

ዘርፈሽ ምራቋን ጢቅ አለች። «ጸባዩ ቀላል የሆነ ሰው ጸባዬ ቀላል ነው ብሎ ያወራል? ቀጥዪ!»

ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ ሰፈር፣ ዘርፈሽ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ የሽቦ አልጋው እንደ ወትሮው ኒሙ ዛፍ ሥር ወጥቷል። ዘርፈሽ በገመድ የታሰረ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ፋና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ የኖረች ልጅ ናት። ዘርፈሽ ፊደል ትለያለች፤ የስልክ ፊደል ግን አይታያትም። ስለዚህ ስልክ ላይ የሚነበብም የሚጻፍም ሲኖር ፋና ትጠራለች።

«‹ወጪ አላበዛም። አልጋ አልፈልግም፤ ወለል ላይ አንድ ምንጣፍ ይበቃኛል።›»

«ወለል ላይ!» ዘርፈሽ ጭኗን መታች። «እንግዳ ወለል ላይ ተኝቶ ባለቤቱ እንቅልፍ ሊወስደው?»

«አቦ እማማ፣ አሁን እንዲህ ነው። በየአገሩ የሚዞሩት ተጓዦች ሰው ቤት ለማደር ሲፈልጉ ኢንተርኔት ላይ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት እንዲህ ብለው ነው። ቀለል ካላሉ ማን ያስገባቸዋል?»

ዘርፈሽን ያንገበገባት ይሄው ነው። ባሏ ባቡር ላይ ሲሠራ፣ ባቡር ያመለጠው ሁሉ እዚህ ግቢ አድሯል። የጅቡቲ ነጋዴው፣ የቢዮ አዋሌው ፍየል ሻጭ፣ ባሏን ጥላ የወጣችው ሴት። በዚህ ቤት ሕግ እንግዳ ማን ነህ የሚባለው እጁን ታጥቦ፣ በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው። አንዱማ ሰንብቶ ሰንብቶ ስሙን ሳይናገር ሄዷል። ሦስቱ ልጆቿ፣ ሣህሉም ነጋም አለምብርሃንም፣ አልጋቸውን ለእንግዳ እየለቀቁ ነው ያደጉት። ዛሬ ሦስቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ፎቅ ላይ።

የአጥር ጎረቤቷ ሃዎ በጓሮ በር ገባች።

«ዘርፌ፣ አልጋውን አሁን ልውሰደው?»

«ነገ ጠዋት። ዛሬ ይተኛበታል።»

ሃዎ ስልኩን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «አሁንም ይሄ ጽሑፍ ነው? እኔ ቤት ቦታ አለ ብዬሻለሁ። ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ ውርደት ለምን?»

«አንቺ ቤት ሰው በሰው ላይ ነው የሚተኛው። ሌላ ሸክም አልጨምርብሽም። አንብቢ ፋና!»

«‹ያገኘሁትን እበላለሁ።›»

«ያገኘውን የሚበላ ውሻ ነው።»

«‹ዕቃ አጥባለሁ፤ ልጆችም እጠብቃለሁ።›»

«እንግዳ ነው ሞግዚት?»

«‹የራሴን ብርድ ልብስ ይዤ እመጣለሁ።›»

ድሬዳዋ ላይ ብርድ ልብስ የሚያነሳ ሰው ይሳቅበታል። ከሦስቱ ሴቶች ማንም አልሳቀም።

«‹ብዙ ቀን አልቆይም።›»

ዘርፈሽ ብድግ አለች። «ውሸት! ብዙ አልቆይም የሚለው መሄጃ የሌለው ሰው ነው! ነገ ማታ ማደሪያ አጥቶ፣ ተለማምጦ፣ ተሽቆጥቁጦ… ቱ! እንዲህ የሚለማመጥ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።»

ሃዎ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። የዘርፈሽ ባል ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው የግድግዳ ቦታ ከሌላው ነጥቶ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ሣህሉ የላካቸው ቤት ገዢ ሰዎች መጥተው ቤቱን በሜትር ለክተው ሄደዋል።

«ሣህሉ ይሄን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?» አለች ሃዎ።

«እሱ? ሰዎቹ ከለኩ ወዲህ ስልክ አንስቶ ያውቃል? ሌሎቹስ አንስተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ይቅር፣ እማማ» አለች ፋና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካስጠላሽ አጠፋዋለሁ።»

«ማን አጥፊ አለሽ? ጥርሴን ነክሼ የሰማሁት ለማጥፋት ነው?»

ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፈ። ፋና አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀች። ዘርፈሽ ነጠላዋን አስተካክላ አጣፋች። የቤቱን ቁልፍ ከብብቷ አወጣችና ሳጥኑ ላይ ወረወረችው።

«ከሥሩ ‹እናታችሁ ዘርፈሽ› በይና ለሣህሉም፣ ለነጋም፣ ለአለምብርሃንም ላኪው።»