ሶርካ በየቤቱ እየዞረች ምን ትል ነበር?

«ሶርካ በመጀመሪያው ዙር ተመርጣለች» አለ ድምፅ ማጉያው...

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ፊንታንም አጨበጨበ። እጁ ያጨበጭባል... ውስጡ ግን ቀንቷል።

በምዕራብ አየርላንድ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ እየተቆጠረ ነው።

ፊንታን ለዓመታት የምክር ቤቱ አባል ነው። ሶርካ የልጅነት የክፍል ጓደኛው ናት። መድኃኒት ቤት አላት፣ ለምርጫ ስትቀርብ የመጀመሪያዋ ነው።

ሁለቱም የአንድ ፓርቲ እጩዎች ናቸው።

ያንገበገበውም ይሄው ነው... የሌላ ፓርቲ ሰው ቢበልጠው እንዲህ ባልከፋው።

ፎቶዋን በየምሰሶው ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ሰው «ሶርካ እኮ...» ብሎ ሲጀምር ወሬ ይቀይራል።

ድሮም እንዲሁ ነበረች... ሳትለፋ ትወደዳለች።

ሚስቱ ኡና ሻይ ይዛለት መጣች።

«ሄደህ እንኳን ደስ አለሽ በላት እንጂ።»

«እላታለሁ።»

«መቼ?»

«ሰው ቀነስ ሲል።»

«ፊንታን... ፊትህ እኮ ያስታውቃል።»

ከቅናቱ ሌላ የሚያሳፍረው ነገርም ነበር... ኡና እንኳ የማታውቀው።

በቅስቀሳው ሰሞን በየበሩ እያንኳኳ «ሶርካ ጎበዝ ናት... ግን መድኃኒት ቤቷን ሸጣ፣ ከተማችንን ጥላ ደብሊን ልትገባ ነው አሉ» ሲል ከርሟል።

ማንም አላለም። ራሱ የፈጠረው ነው።

አሁን ግን የሱም ውጤት ተነበበ... ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው።

ኡና ኮቱን አነሳችለት። «እንሂድ ይሆን?»

እዚያ አገር ግን የምክር ቤቱ ወንበር ብዙ ነው፣ መራጩም አንድ ሰው ብቻ መርጦ አይሄድም። በየስሙ ፊት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቁጥር ይጽፋል። አንደኛው ከሚበቃው በላይ ድምፅ ካገኘ ትርፉ መራጮቹ «ሁለት» ብለው ለጻፉለት ሰው ይሄዳል።

የሶርካ ትርፍ ደግሞ ብዙ ነበር...

ሲቆጠር አብዛኛው ላይ «ሁለት» የተጻፈው ፊንታን ስም ፊት ነው።

ከታች ተነስቶ መሃል ገባ። ወደ ማምሻው የመጨረሻዋ ወንበር የሱ ሆነች።

ደጋፊዎቹ ትከሻቸው ላይ አወጡት። ማላኪ የሚባሉ የፓርቲው አንጋፋ ከስር ሆነው ሳቁ።

«ሶርካን አመስግናት። በየቤቱ ስትዞር ‹አንድን ለኔ፣ ሁለትን ለፊንታን› ስትል ነው የከረመችው። እኔም ቤት መጥታ እንደዚያው ነው ያለችኝ።»

ፊንታን ከላይ ሆኖ አያት... ታጨበጭብለታለች።

ደስ ሊለው ሲገባ ጭራሽ ቀናባት። በድምፅ መብለጧ ሳያንስ በደግነትም በለጠችው...

ያወራባት ውሸት አላስችል ብሎት፣ እንዳወረዱት በቀጥታ ወደሷ ሄደ። የዝናብ ካፖርቷን እየለበሰች ነበር።

«ሶርካ... ስላንቺ ያወራሁት ነገር አለ።»

«ደብሊን ልትገባ ነው ያልከውን?»

ክው አለ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከነገርካቸው ሴቶች አንዷ የባሌ አክስት ናት።»

«ታዲያ... ለምን ምረጡት አልሽ?»

«ተናድጄ ስምህን መጥራት ትቼ ነበር። በኋላ የከተማችን ጤና ጣቢያ ሊዘጋ ሲል ተሟግቶ ያስቀረው ማን እንደሆነ አሰብኩ። አንተ ነህ። ስለኔ ስለዋሸህ ያ ሥራ አይጠፋም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ለኔ ብቻ ነግረህ አትገላገልም። የዋሸህባቸው ቤቶች ሄደህ ንገራቸው።»

ሄደ...

አንዳንዱ ሻይ አፈላለት። አንዳንዱ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው። ኡናም ስትሰማ ለቀናት አኮረፈችው።

ቅናቱስ ለቀቀው? አልለቀቀውም። ስብሰባ ላይ ለሶርካ ሲጨበጨብ ዛሬም ውስጡን ቆንጠጥ ያደርገዋል። ወሬ አድርጎ ግን አያወጣውም።

ወዳጆቼ... መቅናት በማናችንም ላይ ይደርሳል። የሰው ስም ማጥፋት ግን አውቀን የምናደርገው ነው።

እናንተ በሶርካ ቦታ ብትሆኑ... ስማችሁን ሲያጠፋ የከረመን ሰው፣ ሥራው ጥሩ ስለሆነ ብቻ «ምረጡት» ትሉ ነበር? እስቲ ሳትደብቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...